የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ጨርሰናል፤ የታችኛው ባች ደጋግሞ የሚጠይቀን ጥያቄዎች

አምስተኛ ዓመት ገብታችሁ ርዕስ በመፈለግ ላይ ያላችሁ ልጆች የምትጠይቁን በአብዛኛው ተመሳሳይ ነገር ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። እኛ የሠራነው በፀሐይ ኃይል የሚንቀሳቀስ፣ የአፈሩን እርጥበት እያነበበ ራሱን የሚያበራና የሚያጠፋ አነስተኛ የመስኖ ፓምፕ ነው። የተመረቅነው በኤሌክትሪካል ቢሆንም ሜካኒካልም ሲቪልም ብትሆኑ ብዙው ነገር ይመለከታችኋል።

ርዕስ ስንመርጥ ከምን እንጀምር?

በእጃችሁ ልትለኩት ከምትችሉት ነገር ጀምሩ። “ለአንድ ወረዳ ሙሉ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ዲዛይን” የሚል ርዕስ ፕሮፖዛል ላይ ያምራል። ሆኖም ከውስጡ አንዱንም ቁጥር ራሳችሁ ለክታችሁ ሳታረጋግጡ ዓመቱ ያልቃል። “ለ500 ካሬ ሜትር የቲማቲም ማሳ በቀን 2,500 ሊትር ውኃ የሚያደርስ ፓምፕ” የሚለው ደግሞ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሊትሩ በጀሪካን፣ ጊዜው በስልክ፣ ኃይሉ በመልቲሜትር ይለካል። ዓመቱን ሙሉ ከሠራነው ሁሉ ዛሬም በድፍረት የምናገረው እኛው የለካነውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ችግሩ ወዳለበት ሰው ሂዱ። ርዕሱን ከማስጸደቃችን በፊት ከግቢው ብዙም የማይርቁ፣ በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ እየቀዱ አትክልት የሚያለሙ አንድ አባት ዘንድ ሄደን ነበር። ሐሳባችንን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙን በኋላ “ልጆቼ፣ እናንተ ተመርቃችሁ ስትሄዱ ይህ ነገር ቢበላሽ ማን ይሠራልኛል?” አሉን። ይህች ጥያቄ ዲዛይኑን ቀየረችው። መቆጣጠሪያው ቢሞት እንኳ ፓምፑን በቀጥታ ከፓኔሉ ጋር የሚያገናኝ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ጨመርን። በዲፌንሱ ቀን፣ ማለትም ሥራችንን ፈታኞች ፊት ባቀረብንበት ቀን፣ ፈታኞቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱትም እሱን ነው።

የዘመን አቆጣጠሩንም ተመልከቱ። የሁለተኛው ሴሚስተር ማብቂያ ከክረምቱ መግቢያ ጋር ይገጥማል። የመስኖ ወይም የፀሐይ ኃይል ፕሮጀክት ይዞ ሙከራውን እስከ ሰኔ ያቆየ ቡድን ደመና የሸፈነው ሰማይና ዝናብ የጠጣ አፈር ይጠብቀዋል። ሙከራችሁ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ እንዲያልቅ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

የፓኔሉን መጠን እንዴት አሰላችሁት?

ይህ በዝርዝር ቢገባችሁ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ቡድን ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ የበለጠ ፓኔል ፕሮፖዛሉ ላይ ጽፎ ገንዘብ ያጣል።

ማሳው 500 ካሬ ሜትር ነው፤ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል ብንል 2,500 ሊትር ይሆናል። የጉድጓዱ ውኃ በበጋ 7 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ታንከሩ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ለቧንቧው ሰበቃ 2 ሜትር ያዝንለት፤ በድምሩ 12 ሜትር። 2,500 ኪሎ ግራም ውኃ 12 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ከ294,000 ጁል ትንሽ በላይ ሲሆን ወደ 82 ዋት ሰዓት ይመጣል። አነስተኛ ፓምፕ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ውኃ ላይ የሚያሳርፈው 30 በመቶውን ያህል ብቻ ነው ብለን ብንገምት 272 ዋት ሰዓት ከፓኔሉ መምጣት አለበት። በቀን 5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት (የቀኑ ብርሃን በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ወደሚያርፍባቸው ሰዓታት ሲጠቃለል) ይዘን፣ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚጠፋውን ሩብ ስንቀንስ 73 ዋት ገደማ ሆነ። ስለዚህ ባለ 100 ዋት ፓኔል ገዛን።

ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ዋት ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበት የተለካ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሴሉ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የሲሊከን ፓኔል ደግሞ ከ25 በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ በሙቀት ብቻ 14 በመቶ ሄደ ማለት ነው። እኛ በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ የለካነው ከ80 ዋት ብዙም አይዘልም ነበር።

ዝንባሌውንም ብዙዎች ይጠይቁናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፓኔሉ ወደ ደቡብ በጥቂቱ ቢያዘነብል ለበጋው ፀሐይ ይበጃል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ነገር ግን መስኖ በብዛት የሚፈለገው በበጋ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች አታውርዱት፤ ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲያወርድ ዝንባሌ ያስፈልገዋል።

ባትሪ ለምን አላደረጋችሁም?

ውኃው ራሱ ታንከር ውስጥ ይቀመጣል። ቀን ተስቦ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውኃ ማታም ይወርዳል። ባትሪ ብንጨምር የፕሮጀክቱ ዋጋ በእጅጉ ይንር ነበር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ መቀየር ያለበት ዕቃም ለገበሬው ጥለን መሄዳችን ነው።

ስሌታችን ትክክል ነው፤ ፓምፑ ግን ውኃ አይስብም። ለምን?

ከምንሰማቸው ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። መጀመሪያ የምጠይቃችሁ የምትሠሩበት ቦታ ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ነው።

መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውኃውን “አይጎትተውም”። እሱ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ጉድጓዱ ላይ የተጫነው አየር ነው። በባሕር ወለል ላይ ያ አየር ውኃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የከባቢው ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ ጣሪያው 7.7 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ቱቦው ምንም ሰበቃ ሳይኖረው፣ ፓምፑም እንከን የለሽ ሆኖ ነው። በተግባር ከ5 ሜትር ካለፋችሁ መጠንቀቅ አለባችሁ። ገበያ ላይ ያሉ ትንንሽ ፓምፖች ካርቶናቸው ላይ “እስከ 8 ሜትር ይስባል” ተብሎ ይጻፋል፤ ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ አገር ይሠራል፤ በእኛ ደጋ ግን የትኛውም ፓምፕ ሊያሳካው አይችልም። የገበሬው ጉድጓድ ውኃ በበጋ 7 ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ከጅምሩ ውኃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ መረጥን፤ የሚጠልቅ ፓምፕ ውኃውን ከታች ስለሚገፋ ይህ ገደብ አይነካውም።

የምንማርባቸው መጻሕፍት ምሳሌዎች በአብዛኛው የተሠሉት ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ስለዚህ ይህ ነገር በፓምፕ ብቻ አያበቃም። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ወይም ጄኔሬተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የምግብ ማቀነባበሪያ ወይም ቦይለር የምትሠሩ ልብ በሉ። ቀጭን አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል፤ የኤሌክትሮኒክስ ማቀዝቀዣ ስትመርጡ ይህን አስቡት። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙዎቹ ደጋ ላይ ናቸው። ከፍታን ስሌቱ ውስጥ ያስገባ ቡድን ሥራው የዚህ አገር ምህንድስና መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል።

ሲሙሌሽን ብቻ ብንሠራ ያልፋል?

ብዙ ትምህርት ክፍሎች ይቀበላሉ። በኮምፒውተር ላይ በፕሮቲየስ ወይም በማትላብ ፕሮግራም የተሠራ ጥሩ ሥራም አይቻለሁ፤ በተለይ የኃይል ሲስተም ርዕስ ከሆነ ሌላ ምርጫ የለም። ነገር ግን ትንሽም ብትሆን አንዷን ክፍል በእጃችሁ ሠርታችሁ የሲሙሌሽኑን ውጤት ከልኬቱ ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ለምን እንዳልገጠሙ የምትጽፉት ምዕራፍ የዶክመንቱ ምርጡ ክፍል ይሆናል።

የትኛውን የእርጥበት ሴንሰር እንግዛ?

ሁለት ባዶ ሹካ ያለውን ርካሹን ተዉት። ዳይሬክት ከረንት በእርጥብ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ብረቱን ስለሚበላው ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ይዛባል። ካፓሲቲቩ (ከረንት በአፈሩ ሳያሳልፍ እርጥበቱን የሚለካው ዓይነት) ብረቱ ተሸፍኖ ስለሚመጣ ይቆያል፤ ብቻ አፈሩ ሲርስ ቮልቴጁ እንደሚወርድ አስታውሱ፤ ኮዱን ሲጽፉ የሚገለብጡት አሉ።

የሴንሰሩን ቁጥር በቀጥታ “እርጥበት በመቶኛ” ብላችሁ አትጻፉ። ሴንሰሩን የሚያነበው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ አርዱኢኖ ኡኖ፣ የሚሰጣችሁ ከ0 እስከ 1,023 ያለ ቁጥር ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ከማሳው አፈር ናሙና ውሰዱ፣ መዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ለ24 ሰዓት አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ። የክብደቱን ልዩነት ለደረቁ አፈር አካፍላችሁ ከሴንሰሩ ንባብ ጋር በግራፍ አስቀምጡ። ምድጃውን ከሲቪል ምህንድስና የአፈር ላብራቶሪ በትሕትና ከጠየቃችሁ ያስገቧችኋል። የአንድ ቦታ ካሊብሬሽን (ንባቡን ከእውነተኛው እርጥበት ጋር ማዛመዱ) ለሌላው አይሆንም። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሴንሰሩ ዙሪያ ክፍተት ይፈጠርና ንባቡ ከእውነቱ የራቀ ደረቅ ይሆናል። እኛ በየጊዜው አፈሩን ዙሪያውን ጠቅጠቅ እናደርገው ነበር።

ሞተሩ በተነሳ ቁጥር አርዱኢኖው ለምን ራሱን ያስነሳል?

ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ይወድቅና መቆጣጠሪያው ይጠፋል። ለሁለቱ የተለያየ የኃይል ምንጭ ስጧቸው፣ ግራውንዳቸውን አገናኙ። ሞተሩና የሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ጥቅል ላይ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በተቃራኒ አድርጉ፤ ሲጠፉ የሚለቁት ከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን ያቃጥለዋል። ጉድጓዱ ሲደርቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ስዊችም አትርሱ።

ዕቃ ከየት ይገኛል?

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሴንሰርና ሞጁል ከኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ታገኛላችሁ፤ ለፍሬምና ለቁርጥራጭ ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ለመጥረጊያ ሞተርና ለመሳሰለው የመኪና ዕቃ ሶማሌ ተራ ይሻላል። ክፍለ አገር ያላችሁ ዝርዝሩን በመጀመሪያው ሴሚስተር ጨርሱና አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አስገዙ። ከሚቃጠለው ሁሉ መለዋወጫ አንድ ተጨማሪ ግዙ፤ ሪሌይ፣ ትራንዚስተር፣ ሬጉሌተር። ደረሰኙን አትጣሉ፤ የዋጋ ትንተናው ምዕራፍ ላይ ያስፈልጋችኋል።

አድቫይዘራችንን (ፕሮጀክቱን የሚያማክሩንን መምህር) ማግኘት ከባድ ነው፤ ምን እናድርግ?

መምህሩ ብዙ ቡድን ይይዛሉ፣ ያስተምራሉ፣ ብዙዎቹም የራሳቸውን ዶክትሬት እየሠሩ ነው። “እንዴት ነን?” ብሎ የሚሄድ ቡድን “ቀጥሉ” ተብሎ ይመለሳል። “መምህር፣ ሰበቃውን በሁለት መንገድ አስልተን የተለያየ መልስ መጣብን፤ የትኛውን እንውሰድ?” የሚል ግን ወንበር ይሳብለታል። የሄዳችሁበትን ቀንና የተባላችሁትን በአንድ ደብተር ጻፉ፤ ከወር በኋላ የቡድኑ አባላት የተባለውን በየፊናቸው ያስታውሱታልና።

ከቡድናችን አንዱ ልጅ አይሠራም።

ከማኩረፍ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁት። አንዳንዱ ቤተሰብ የሚረዳ ነው፣ አንዳንዱ ታሟል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሥራው እንዳልገባው ለመናገር ያፍራል። የመጨረሻው ዓይነት በብዛት አለ። ሥራውን “አንተ ዶክመንቱን፣ አንቺ ኮዱን” ብላችሁ ስትከፋፍሉ ሁሉም ሰው ቢያንስ አንድ ልኬት በራሱ እጅ እንዲወስድ አድርጉ። ዲፌንስ ላይ የዝምተኛው ልጅ ምላስ የሚፈታው ራሱ ስለለካው ነገር ሲጠየቅ ነው።

ዶክመንቱን መቼ መጻፍ እንጀምር?

በለካችሁበት ቀን ማታ። ከታላላቆቻችሁ ዶክመንት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቀድቶ ስም መቀየር ሲለመድ አያለሁ፤ ይህን እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። የሌላ ሰው ጉድጓድ ጥልቀት እናንተ ስሌት ውስጥ ይገባና ሳታውቁት እስከ መጨረሻው አብሯችሁ ይሄዳል።

ዲፌንስ ላይ ምን ይጠይቃሉ?

“ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?” የሚለውን ጠብቁ። ከዚያ “ቮልቴጁ ቢቀንስ፣ ውኃው ቢያልቅ፣ ሴንሰሩ ቢነቀል ምን ይሆናል?” ቀጥሎ ዋጋው። ለማታውቁት ጥያቄ “ይህን አልለካንም” ማለት ያስከብራል። ሠርቶ ማሳያው በዚያ ቀን እምቢ ሊል ስለሚችል ሲሠራ የተቀዳ ቪዲዮ ከነቀኑ ስልካችሁ ላይ ይኑር።

ከመውጫ ፈተናው ጋር እንዴት ይጣጣማል?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ አለበት። ዲፌንሱና ፈተናው ተቀራርበው ስለሚመጡ ሃርድዌሩን ቀድማችሁ ጨርሱ። የፕሮጀክቱን ስሌት በራሳችሁ የሠራችሁ ከሆነ የማሽንና የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ኮርሶች ግማሹ ተከልሶላችኋል።

ካለቀ በኋላ ደስታው ለምን እንደጠበቅነው አይሆንም?

ይህን በግል የሚጠይቁን ብዙ ናቸው፤ መልሱን ሁሉም ቢያነበው ይሻላል። አምስት ዓመት የተጠበቀው ነገር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ፈታኞቹ “እንኳን ደስ አላችሁ” ብለው ይወጣሉ፣ እናንተ ሽቦ እየፈታችሁ ትቀራላችሁ። በማግስቱ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ዶርም ባዶ እየሆነ ነው። ድካሙ በሥራው መሀል ተደብቆ ቆይቶ በዚያ ሳምንት ይወጣል፤ ሰውነት ማረፉ ነው፣ አትፍሩት።

እኔን ደስታው ያገኘኝ ዘግይቶ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ገበሬው አባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካናቸውን ደቅነው፣ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲሞላ አይተው “በገመድ ቢሆን ስንቴ በጎነበስኩ” አሉ። ያ የፍሰት መጠን ዶክመንታችን ውስጥ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ስለ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያኔ ነው። ዕድል ካገኛችሁ ሥራችሁ ለሚጠቅመው ሰው ሳታሳዩ ከግቢ አትውጡ።

ሥራ ስንፈልግ ይጠቅመናል?

በቃለ መጠይቅ ውጤታችሁን አይተው ካለፉ በኋላ “ምን ሠርታችሁ ታውቃላችሁ?” ይላሉ። ያኔ ርዕሱን ከመንገር ይልቅ አንድ ችግርና አንድ ቁጥር ንገሯቸው። የቴክኒክ ሰው ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው።

የእናንተን ፕሮጀክት ወስደን መቀጠል እንችላለን?

በደስታ። ኮዱ፣ የሰርኪዩት ሥዕሉ፣ ጥሬው የልኬት ሰንጠረዥና የካሊብሬሽን ግራፉ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አለ፤ የታተመው ቅጂ ትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ያልተሠሩ ነገሮች አሉ፦ ከጠብታ መስኖ መስመር ጋር ማገናኘት፣ ከአንድ ሴንሰር ይልቅ በተለያየ ጥልቀት ሦስት መትከል፣ ሙሉ በጋ የሚዘልቅ ልኬት መያዝ። ሦስተኛውን የሚወስድ ቡድን ካለ ከጥቅምት ይጀምር፤ ፓምፑ አሁንም ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ ገበሬውም ለመምጣታችሁ ፈቅደዋል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉላቸው፣ ቁጥራቸውን ትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ትተናል።